ዶክተር ካርል ላንድስታይነር፦ የደም ዓይነቶችን ለይተው ያሳወቁ ሐኪም

በየዓመቱ ሰኔ 7 ቀን የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው የደም ዓይነቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያሳወቁት ኦስትሪያዊው ሐኪም ዶክተር ካርል ላንድስታይነር የተወለዱበት ቀን በመሆኑ ነው። ዛሬ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ጤና ተቋም ስትሄድ ጥቂት ደም ትሰጣለች። በክትትል ካርዷ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ ተብሎ ይጻፋል፤ ከጎኑም ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚል ቃል ይሰፍራል። የሁለቱም ምልክቶች መነሻ የእኒህ ሐኪም ምርምር ነው።

ላንድስታይነር አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ግራ የሚያጋቡ የደም ምርመራ ውጤቶችን ትርጉም በመፈለግ ነበር። ሌሎች እንደ ስሕተት የጣሉትን ወይም የበሽታ ምልክት ነው ብለው ያለፉትን ውጤት እርሳቸው ደጋግመው ይፈትሹ ነበር። ከዚህ ልማዳቸው የተገኘው እውቀት የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት ታድጓል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ካርል ላንድስታይነር በ1868 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና አቅራቢያ በምትገኘው ባደን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሊዮፖልድ ላንድስታይነር የታወቁ ጋዜጠኛና የጋዜጣ አሳታሚ ነበሩ። ካርል ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በሞት ስለ ተለዩ ያሳደጓቸው እናታቸው ወይዘሮ ፋኒ ናቸው። በእናትና በልጅ መካከል የነበረው ፍቅር እጅግ የጠነከረ ነበር። እናታቸው ካረፉ በኋላ ከፊታቸው ላይ የተቀረጸውን የመታሰቢያ ምስል ላንድስታይነር እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በግድግዳቸው ላይ ሰቅለው አኑረውታል።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1891 በዶክተርነት ተመረቁ። ገና ተማሪ ሳሉ የአመጋገብ ሁኔታ በደም ይዘት ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ ጥናት አሳትመው ነበር። ከምረቃ በኋላ ግን ወደ ሕክምና ክፍል ከመግባት ይልቅ በጀርመንና በስዊዘርላንድ በሚገኙ ላቦራቶሪዎች የኬሚስትሪ ትምህርት ቀጠሉ። ከመምህሮቻቸው አንዱ በኋላ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤሚል ፊሸር ነበሩ። ይህ ትምህርት ደምን የሚመለከቱበትን ዓይን ለውጦታል። በደም ውስጥ የሚታየው ለውጥ ሁሉ በንጥረ ነገሮች መገናኘት የሚከሰት መሆኑንና በጥንቃቄ ከተመረመረም ምክንያቱ ሊገኝ እንደሚችል ያምኑ ነበር።

ወደ ቪየና ሲመለሱ በ1896 በዩኒቨርሲቲው የሃይጂን ተቋም ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ተዛወሩና አሥር ዓመት ያህል በአስከሬን ምርመራ ሥራ ተጠመዱ። በነዚያ ዓመታት ከ3600 በላይ አስከሬኖችን መርምረዋል። ቀን የአስከሬን ምርመራውን እየሠሩ፣ የሚተርፋቸውን ጊዜ ሁሉ ለደም ጥናት ያውሉት ነበር።

የተጓጎለው ደም

በዚያ ዘመን ደም መስጠት በሐኪሞች ዘንድ የሚፈራ ሕክምና ነበር። በ1667 በፈረንሳይ የእንስሳት ደም ለሰው ተሰጥቶ ነበር፤ ይህም በሞትና በክስ ተደምድሞ ልማዱ ለረጅም ጊዜ ታገደ። በ1818 እንግሊዛዊው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ጄምስ ብለንደል ከሰው ወደ ሰው ደም የመስጠት ሙከራ ጀመሩ፤ የዚያም ዓላማ ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ የሚሞቱ እናቶችን ለማዳን ነበር። ውጤቱ ግን ሊተነበይ አልቻለም። አንዷ እናት ድና ስትነሣ ሌላዋ ደሙ እንደ ገባላት ትኩሳትና የወገብ ሕመም ይይዛታል፤ ሽንቷ ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜም ሕይወቷ ያልፋል። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

የአንድ ሰው ደም ከሌላው ደም ጋር በብርጭቆ ላይ ሲቀላቀል አንዳንድ ጊዜ ቀይ የደም ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተያይዘው እንደሚጓጎሉ ጥቂት ተመራማሪዎች አስቀድመው አይተዋል። ይህ መጓጎል ቁስል ሲደርቅ ከምናየው የደም መርጋት የተለየ ነገር ነው። ያን ጊዜ ምርመራው በአመዛኙ በሕሙማን ደም ላይ ይደረግ ስለነበር መጓጎሉን ብዙዎች የበሽታ ምልክት አድርገው ወሰዱት።

ላንድስታይነር ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ደም ቢቀላቀልስ ምን ይሆናል? በ1900 ባሳተሙት ጽሑፍ ግርጌ፣ የጤነኞች ደምም እንደሚጓጎል በአጭር ማስታወሻ ገለጹ። ቀጥሎም ከራሳቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ደም ቀድተው ፈሳሹን የደም ክፍል፣ ማለትም ሴረሙን፣ ከቀይ ሕዋሳቱ ለዩ። የእያንዳንዱን ሰው ሴረም ከሌላው ሰው ሕዋሳት ጋር በተራ እያቀላቀሉ ውጤቱን በሠንጠረዥ መዘገቡ። ምርመራው በጠቅላላው 22 ጤነኛ ሰዎችን ያካተተ ነበር።

ውጤቱ ግልጽ ሥርዓት ነበረው። የማንም ሰው ሴረም የራሱን ሕዋሳት አላጓጎለም። የሌላውን ሰው ሕዋሳት ግን አንዳንዱን ያጓጉላል፤ አንዳንዱን ይተዋል። ላንድስታይነር በዚህ መሠረት በ1901 ሰዎችን በሦስት የደም ዓይነት ከፈሏቸው። ሦስተኛው በኋላ ኦ የሚል ስም ተሰጠው። በማግሥቱ ዓመት የሥራ ባልደረቦቻቸው አራተኛውንና አነስተኛ ቁጥር ያለውን ኤቢ የተባለውን ዓይነት አገኙ።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። ዓይነት ኤ የሆነ ሰው በቀይ ሕዋሳቱ ላይ ኤ የተባለ ምልክት አለው፤ በሴረሙ ውስጥ ደግሞ የቢን ሕዋሳት የሚያጠቃ መከላከያ ይገኛል። ዓይነት ቢ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤቢ ሁለቱም ምልክቶች ስላሉት መከላከያዎቹ የሉትም። ኦ ሁለቱም ምልክቶች የሌሉት ሲሆን ሁለቱም መከላከያዎች አሉት። የማይስማማ ደም ወደ ሰውነት ሲገባ መከላከያው የመጣውን ሕዋስ ያጓጉላል፤ ያፈርሳልም። በብለንደል ዘመን እናቶችን ይገድል የነበረው ምሥጢር ይህ ነበር።

ከዚህ ግኝት የተገኘው ትልቁ ቁም ነገር የደም ልዩነት በሽታ አለመሆኑ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ መሆን እንደ መልክ ከወላጆች የሚወረስ ተፈጥሮ ነው፤ ከመካከላቸው የሚበልጥ ወይም የሚያንስ የለም።

ዘግይቶ የመጣ እውቅና

ግኝቱ ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም። በ1907 በኒው ዮርክ ሐኪሙ ሩበን ኦተንበርግ ደም ከመስጠታቸው በፊት የሰጪውንና የተቀባዩን ደም መስማማት መፈተሽ ጀመሩ። ከዚያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ሲትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ ታወቀ። በዚህ ምክንያት ደምን ቀድቶ ማቆየት ተቻለ፤ የቆሰሉ ወታደሮችም በተቀመጠ ደም መዳን ጀመሩ። ላንድስታይነር ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በ1930 ነው፤ ግኝታቸው ከታተመ 29 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ትርጉም የሚሹ ሌሎች ምርመራዎች

ላንድስታይነር የደም ዓይነትን ከለዩ በኋላም ወደ ሌሎች እንቆቅልሾች ዞሩ። ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው ደም የሚመስል ሕሙማን ነበሩ። ላንድስታይነር ከዶክተር ዩልየስ ዶናት ጋር በ1904 የዚህን ምክንያት አሳወቁ። በነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ያለ መከላከያ በቅዝቃዜ ጊዜ ከራሳቸው ቀይ ሕዋሳት ጋር ይጣበቃል፤ ሰውነት ሲሞቅም ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ። የሕሙማኑን ደም በመጀመሪያ አቀዝቅዘው፣ ቀጥሎም አሙቀው ይህንኑ በላቦራቶሪ አሳዩ። በሁለቱ ሐኪሞች ስም የሚጠራው ይህ ምርመራ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል።

የቂጥኝ የደም ምርመራ በ1906 ይፋ በሆነ ጊዜ ውጤቱ ፖዘቲቭ የሚሆነው በቂጥኝ ተሕዋስ ምክንያት ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ላንድስታይነርና ባልደረቦቻቸው በማግሥቱ ዓመት ያደረጉት ጥናት ግን ለምርመራው የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ከጤነኛ እንስሳ ልብም ሊገኝ እንደሚችል አረጋገጠ። ይህ ማለት ምርመራው የሚለካው ተሕዋስያኑን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሚሰጠውን አንድ ምላሽ ነው። ያው ምላሽ በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል።

ይህ እውቀት ዛሬም ለተገልጋዩ ሕዝብ ጠቃሚ ነው። በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚደረገው ቪዲአርኤል የተባለው የቂጥኝ ምርመራ የዚያው ዘር ነው። ውጤቱ አልፎ አልፎ በእርግዝና፣ በወባ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የመጀመሪያው ውጤት በሌላ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጣል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ብቻ የትዳር ጓደኛን መጠርጠር ተገቢ አይደለም። ውጤቱን ቸል ብሎ መሄድም እንዲሁ ተገቢ አይደለም፤ ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን የሚጎዳ፣ በጊዜው ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነውና።

የደም ዓይነትም በቤተሰብ ውስጥ ጥርጣሬ ያስነሣበት ጊዜ አለ። አባት ኤ፣ እናት ቢ ሆነው ልጃቸው ኦ ቢሆን አንዳንዶች ይደነግጣሉ። ይህ ግን በተፈጥሮ የሚያጋጥም ነው። ኤ ወይም ቢ የሆነ ሰው ከወላጆቹ አንዱ የሰጠውን ኦ ሳይታይ ተሸክሞ ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። የደም ዓይነት ብቻውን የአንድን ሰው አባትነት የሚያረጋግጥ ማስረጃ አይደለም።

ፖሊዮ፣ ጦርነትና ስደት

ከ1908 ጀምሮ ላንድስታይነር በቪየና የሚገኘውን የዊልሄልሚነን ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል ይመሩ ነበር። በዚያው ዓመት በፖሊዮ ከሞተ ሕፃን ህብለ ሰረሰር የተወሰደ ናሙና ወደ ዝንጀሮዎች አስገብተው በሽታው እንደተላለፈባቸው ከኤርዊን ፖፐር ጋር አሳዩ። በናሙናው ውስጥ ባክቴሪያ ሊገኝ ስላልቻለ የበሽታው መንስኤ ከባክቴሪያ ያነሰ ረቂቅ ተሕዋስ መሆን እንዳለበት ተገነዘቡ። ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ለተገኘው የፖሊዮ ክትባት ከተጣሉት መሠረቶች አንዱ ይህ ነው።

በ1916 ከወይዘሮ ሄለን ቭላስቶ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ፤ በተከታዩ ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። ይሁን እንጂ ኦስትሪያ በጦርነቱ ተሸንፋ ቪየና በረሃብና በማገዶ እጦት ተጎሳቆለች፤ ምርምር ማካሄድም አዳጋች ሆነ። ስለዚህ በ1919 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኔዘርላንድ ተሰደዱ። የደም ዓይነቶችን ያገኙት ሐኪም በሄግ ከተማ በአንድ አነስተኛ ሆስፒታል የሕሙማንን ሽንትና ደም የሚመረምሩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኑ። እንዲህም ሆኖ ምርምራቸውን አላቋረጡም።

ጥቂት ዓመታት ቆይተው በኒው ዮርክ የሚገኘው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ጋበዛቸው፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም በዚያ አሳለፉ። በ1929 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ። ዓይን አፋር፣ ጸጥታ የሚወዱና ፒያኖ በመጫወት የሚዝናኑ ሰው ነበሩ፤ ዝናም አይስባቸውም ነበር።

አር ኤች እና የእናቶች ሕይወት

የላንድስታይነር የመጨረሻው ታላቅ ግኝት የመጣው በጡረታ ዕድሜያቸው ነው። በ1939 የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ፊሊፕ ሌቪን አንድ አስገራሚ ጉዳይ በጽሑፍ አሳወቁ። አንዲት እናት የሞተ ፅንስ ከተገላገለች በኋላ የባሏ ደም ተሰጣት። ሁለቱም ዓይነት ኦ ስለነበሩ ደሙ ይስማማል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እርሷ ግን በጽኑ ታመመች፤ ሴረሟም የባሏን ሕዋሳት አጓጎለ። እስከዚያ ጊዜ የታወቁት የደም ዓይነቶች ይህን ሊያብራሩ አልቻሉም።

በ1940 ላንድስታይነርና ዶክተር አሌክሳንደር ዊነር የሬሰስ ዝንጀሮን ቀይ ሕዋሳት ወደ ጥንቸሎች አስገብተው ያገኙት ሴረም የአብዛኞቹን ሰዎች ሕዋሳት እንደሚያጓጉል፣ የጥቂቶቹን ግን እንደማያጓጉል አሳወቁ። ለምልክቱም ከዝንጀሮው ስም በመነሣት አር ኤች የሚል ስም ሰጡት። ምልክቱ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ብዙ ሳይቆይ የሌቪን እንቆቅልሽም ከዚሁ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ።

ኔጌቲቭ የሆነች እናት ከአባቱ ፖዘቲቭነትን የወረሰ ልጅ ስትፀንስ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እርሷ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷም ለዚያ ደም መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በደኅና ይወለዳል። በቀጣዩ እርግዝና ግን መከላከያው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። ሕፃኑ ከባድ የደም ማነስ ይዞት፣ ቆዳው ቢጫ ሆኖ ሊወለድ ወይም በማህፀን ሳለ ሊሞት ይችላል። ልጆቻቸው በተከታታይ ሲሞቱባቸው ሰበቡ ሳይታወቅላቸው ያዘኑ እናቶች በየዘመኑ ነበሩ። ከዚህ ግኝት በኋላ ለችግሩ መፍትሔ መፈለግ ተቻለ፤ በ1968ም ሰውነቷ መከላከያውን ከማዘጋጀቱ በፊት ለእናቲቱ የሚሰጥ አንቲ ዲ የተባለ መርፌ ለአገልግሎት በቃ።

ላንድስታይነር ግን ይህን ለማየት አልታደሉም። በ1943 ሰኔ ወር በላቦራቶሪያቸው ሥራ ላይ ሳሉ የልብ ሕመም ጣላቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም በ75 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የደም አገልግሎት የተጀመረው በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት ነው። ማኅበሩ አገልግሎቱን ለአሥርተ ዓመታት ሲሰጥ ከቆየ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ጤናው ዘርፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላልፏል። በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈስሳት እናት፣ በትራፊክ አደጋ ለተጎዳና በጽኑ ወባ ምክንያት ደሙ ላነሰ ሕፃን የሚሰጠው እያንዳንዱ ከረጢት ደም አስቀድሞ ዓይነቱ ይለያል፤ ከታካሚው ደም ጋር መስማማቱም ይፈተሻል። ይህ ሁሉ በ1901 በቪየና የተሞላው ሠንጠረዥ ውጤት ነው።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል።

ማንኛዋም ነፍሰ ጡር እናት የቅድመ ወሊድ ክትትል በጊዜ ልትጀምርና የደም ዓይነቷን ከነአር ኤች ውጤቱ ልታውቅ ይገባል። ኔጌቲቭ ከሆነች ይህንኑ ለሚከታተላት ባለሙያ ማሳወቅ ይኖርባታል። መርፌው በተለምዶ በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት ገደማና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ፅንስ ያስወረዳት ወይም በእርግዝና ጊዜ ደም የፈሰሳት ኔጌቲቭ እናትም ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት።

ከሌላ ጊዜው የተለየ ወይም ያልተጠበቀ የደም ምርመራ ውጤት የደረሰው ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ መረመረው ባለሙያ መመለስና ትርጉሙን መጠየቅ መብቱ ነው። አንድ ውጤት የሚነበበው ከሕመም ስሜቱ፣ ከዕድሜው፣ ከሚወስደው መድኃኒትና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተዳምሮ ነው። አስፈላጊ ሲሆን ምርመራው ይደገማል። በአንድ ወረቀት ብቻ ተነሥቶ መድኃኒት ገዝቶ መውሰድም ሆነ የተጀመረ ሕክምናን ማቋረጥ ጉዳት ያስከትላል።

ደም ከተሰጠው በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ ሕመም ወይም የሽንት መጥቆር የታየበት ታካሚ፣ ወይም አስታማሚው፣ ይህን ወዲያውኑ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነና ክብደታቸው ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰዎች በአቅራቢያቸው ባለ የደም ባንክ ወይም ጊዜያዊ የልገሳ ጣቢያ ደም መለገስ ይችላሉ። ብቁነታቸውን ባለሙያ በቦታው ይመረምራል። ለጋሹ በዚያው የደም ዓይነቱን ያውቃል፤ የለገሰው ደምም ዓይነቱ ተለይቶ ለሚስማማው ሕመምተኛ ይደርሳል።